ሦስቱ ቤተሰቦችና የአንድ ሰዓት ለቅሶ

ይድረስ አሽቀሎን አሸዋ ውስጥ ለተኛኸው ለአባዬ፤

እንደምን ሰነበትክ አልልህም። እንዴት እንደሰነበትክ አገር ሁሉ ከእኔ ቀድሞ አውቆታል። ከተለያየን ስንት ጊዜ እንደሆነን እንኳ ከቤተሰቡ ጋር መስማማት አልቻልኩም። ታናሽ ወንድሜ ዳዊት ከቀብርህ ጀምሮ ስለሚቆጥር አራት ወር ሆነው ይላል። እኔ የምቆጥረው ሻንጣዬን አውቶቡሱ ላይ ጭነህ ከሳምከኝ ጠዋት ጀምሮ ነውና አምስተኛው ሊሞላ ነው። ሦስተኛም አቆጣጠር አለ፤ መሞትህን ከሰማሁ ገና ሁለት ወር ነው። እኔና አንተ የተጣላነው በዚህ በሦስተኛው ላይ ነው።

ሰው ሙት ሊወቅስ ሲያምረው «ሙት ወቃሽ አያድርገኝና» ብሎ ይጀምራል። እኔን ግን ያድርገኝ። በሕይወት ሳለህ ቁጣዬን ትወደው ነበር፤ «የሺ ስትቆጣ ቁርጥ እናቷን» እያልክ ትስቅ ነበር። እንግዲያው አሁንም ሳቅ።

ከሁሉ በፊት የቤቱን ልንገርህ። ራማት ኤሽኮል ሰፈር ያለው ቤታችን እንዳለ ነው፤ የደረጃው መብራት አሁንም ሲፈልግ ይበራል፣ ሳይፈልግ ይለግማል። በረንዳው ላይ የተከልከው ጤና አዳም ከጣሊያን ስመለስ ክው ብሎ ደርቆ ጠበቀኝ፤ አሁን ከሥሩ አቆጥቁጧል፣ ጠዋት ጠዋት የማጠጣው እኔ ነኝ። አትክልተኛ ከነበርክበት ከብሔራዊ ፓርኩ የሥራ ጫማህንና ባርኔጣህን በላስቲክ ከረጢት አድርገው መልሰውልናል። ጫማው ላይ የሣሩ ጭቃ እንዳለ ነው፤ እንዲታጠብ አልፈቀድኩም። ዳዊት ፂሙን አሳድጓል፤ ስለ ፂሙ ኋላ እመጣበታለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ አንተ ትቀመጥበት የነበረው ወንበር ላይ ማንም አይቀመጥም። አትቀመጡ ያለ ሰው የለም፣ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ጠፋ።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። አባዬ፣ እኔና አንተ ቃል ነበረን።

ረስቼዋለሁ እንዳትለኝ። ከጎንደር ወጥተን ሱዳን የስደተኞች መጠለያ ውስጥ ሳለን ዐሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ትኩሳት ጥሎኝ ራሴን ሳላውቅ ሰነበትኩ። ስነቃ ዳዊት ከአጠገቤ ነበር፤ እናቴና ከእሱ በኋላ የተወለደው ሕፃኑ ወንድሜ ግን ድንኳኑ ውስጥ አልነበሩም። አንተ አጠገቤ ቁጭ ብለህ፣ ሕፃን ያዘሉ እናቶችን አስቀድመው ወስደዋቸዋል፣ ኢየሩሳሌም ሆነው እየጠበቁን ነው አልከኝ። አመንኩህ። አባቱን የማያምን ማንን ያምናል? ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ ሁሉ የቻልኩት እናቴን አያለሁ ብዬ ነው። አውሮፕላኑ ሲያርፍ ሌላው ሰው ሲዘምርና ሲያለቅስ እኔ የሴቶችን ፊት አንድ በአንድ እያየሁ ነበር። አዲስ ገቢ በሚያርፍበት መርካዝ ክሊታም በየክፍሉ በር እየቆምኩ ስሟን ስጠራ ከረምኩ። አንድ ማለዳ ሽማግሌዎች መጥተው እስኪያረዱኝ ድረስ የጠራሁት የሟች ስም ነበር።

ያን ዕለት ለቅሶዬን ጨርሼ ደጅ ጠራሁህ። ከእንግዲህ ሞት እንዳትደብቀኝ ብዬ አስማልኩህ። እጅህን ራሴ ላይ ጫንክና በእናቴ ስም ምለህ፣ «አልደብቅሽም፤ አንቺም አትደብቂኝ» አልከኝ። እኔም ማልኩልህ። ከዚያ ወዲህ ጫማም ልብስም ለምኜህ አላውቅም፤ ከአንተ የምፈልገው ያንን አንድ ነገር ብቻ ነበር።

ሥራዬን አንተ ታውቀዋለህ። እዚህ ላይ የምደግመው ይህን ደብዳቤ ሌላ ሰው ቢያነበው ግራ እንዳይገባው ነው። ዩኒቨርሲቲ የማጠናው የክር ንድፈ ሐሳብ የሚባለውን ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ምን እንደምሠራ ስትጠይቀኝ በዕብራይስጥ ጀመርኩልህ፤ አንተ ግን «በአፋችን ንገሪኝ» አልከኝ። በአፋችን ለመንገር ደግሞ ለግማሹ ነገር ቃል አልነበረኝም። ያን ዓርብ ፓርኩ ውስጥ፣ ከወደቁት ዓምዶች አጠገብ ሣር ታጠጣ ነበር። የያዝከው ቱቦ ነው ያዳነኝ። ከሩቅ ላየው ቱቦው መስመር ነው፣ መንገዱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ብቻ ነው፤ ጉንዳን ግን ዙሪያውንም ትዞረዋለች አልኩህ። ዓለምም እንዲሁ ሳትሆን አትቀርም፤ ሒሳቡ እንዲሰምር ዐሥር አቅጣጫ ያስፈልጋታል፣ የምናውቀው ጊዜን ጨምሮ አራት ነው፣ የቀሩት ስድስቱ ማንም እስከማያያቸው ድረስ ጠበው ተጠቅልለዋል ብዬ ነገርኩህ። ነገር ሁሉ የተሠራው ከነጥብ ሳይሆን ከጥቃቅን ክር ነው፤ ክሩ እንደሚርገበገብበት አኳኋን አንዴ ይህን ቅንጣት፣ አንዴ ያንን ይሆናል። ስድስቱ አቅጣጫዎች የተጠቀለሉበት ቅርፅ ደግሞ ክሩ ምን ምን መሆን እንደሚችል ይወስናል።

ቱቦውን ቁልቁል ስታየው ቆይተህ፣ «ታዲያ ያንቺ ሥራ ምንድን ነው?» አልከኝ። አጠቃለሉን እመርጣለሁ አልኩህ። አንድ አጠቃለል እመርጥና ሒሳቡን እስከ መጨረሻው እገፋዋለሁ። ከዚያ የወጣው ዓለም እኛ የምንኖርበትን ይመስል እንደሆነ አስተያያለሁ። ሞዴል መሥራት የሚሉት ይህንን ነው። አብዛኛውን ጊዜ አይመስልም፤ አንዱ ላይ ብርሃን ይጠፋል፣ ሌላው ላይ ማንም አይቶት የማያውቅ ቅንጣት ይግተለተላል። «የልብስ ሰፊ ሥራ ነዋ» ብለህ ሳቅክብኝ፤ «ለማይታይ ሰው ሱሪ ትሰፊያለሽ።»

ስለ ሦስቱ ቤተሰቦች የነገርኩህም የዚያኑ ዕለት ነው። አንተም እኔም ባሕሩም ያ ሁሉ የድሮ ድንጋይም የተሠራነው ኤሌክትሮን ካለበት ከአንድ የቅንጣት ቤተሰብ ነው። ተፈጥሮ ግን መልካቸው እሱኑ የሆነ፣ ከበድ ያሉ ሁለት ቤተሰቦች ጨምራለች። ከእነዚያ አብዛኞቹ ብቅ ብለው ወዲያው የሚጠፉ ናቸው። ሁለቱ ባይኖሩ ምንም ባልጎደለ ነበር፣ ለምን እንዳሉም የሚያውቅ የለም፣ የእኔ ሞዴል ግን የግድ ሦስት ማውጣት አለበት አልኩህ። አንተ ውሃውን ዘጋህ። ከዚያ «ቶሎ የሚሄዱትም ይቆጠራሉ፤ እነሱ ካልተቆጠሩ ቤት አይሞላም» አልክ። እናቴንና ሕፃኑን እያሰብክ እንደሆነ ገብቶኝ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ንድፈ ሐሳቡም ክዶኛል። ስጀምር መምህሬ ክሩ አንዲት ዓለም ብቻ ይሰጠናል፣ እሷም የእኛዋ ናት ብሎ ነበር ያስገባኝ። ውስጡ ከገባሁ በኋላ የአጠቃለሉ ዓይነት ለቁጥር የሚታክት ሆኖ አገኘሁት። ሁሉም ይቻላል፣ የእኛን ዓለም ነጥሎ የሚመርጥ ሕግ ግን የለም። ቤት መጥቼ ቃሉን የማይጠብቅ ንድፈ ሐሳብ ነው እያልኩ ስነጫነጭ አንተ ሻይ ቀድተህ ታጽናናኝ ነበር። ያኔም ሆድህን ያምህ እንደነበር አሁን ነው የሰማሁት።

ከመሄዴ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ከሞዴሎቼ አንዱ ሦስት ቤተሰብ አወጣ። አራት አይደለም፣ ደርዘን አይደለም፣ ሦስት! ስልክ ደውዬ ስነግርህ በዚያኛው ጫፍ እልል ስትል የፓርኩ ሰዎች ምን ነካው ብለዋል አሉ። በዚህ የተነሣ ነው ጣሊያን፣ ከየአገሩ የመጣ ተማሪ የሚሰበሰብበት የክረምት ትምህርት ላይ ንግግር እንዳደርግ የተጠራሁት። ደስታው ግን ጎዶሎ ነበር። ዜሮ መሆን የሚገባው አንድ ቁጥር ዜሮ አልሆነልኝም፤ በእሱ የተነሣ በእኔ ዓለም ውስጥ በአቶም ሁሉ እምብርት ያለው ፕሮቶን ቶሎ ይፈርሳል። ፕሮቶን ከፈረሰ ድንጋይም ባሕርም ሰውም አይቆምም።

የአውቶቡስ ጣቢያውን ጠዋት አስታውስ። ሻንጣዬን አላስነካ ብለህ አንተው ተሸከምክ፣ መንገድ ላይ ሁለቴ አሳረፍከው፣ ምነው ስልህ ሙቀቱ ነው አልከኝ። ሸሚዝህ ሰፍቶህ ነበር። አግዳሚው ላይ ስንቀመጥ ንግግሬ በምን እንደሚያልቅ ጠየቅከኝ። በጉድለቱ ነው የሚያልቀው፣ ፕሮቶኑ ቶሎ እንደሚፈርስ እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ አልኩህ። «ጉድለትሽን ለፈረንጅ በአደባባይ ትነግሪያለሽ?» ብለህ ገረመህ። በእኛ ሙያ ጉድለቱን እያወቀ ዝም ያለ ውሸታም ነው አልኩህ። አንገትህን ነቀነቅክና «ደግ ነው፤ መናገሩ ደግ ነው» አልክ። ሐኪሙ የነገረህን ካወቅክ ሁለት ሳምንት አልፎህ ነበር። ይህንን አሁን ነው የማውቀው። አፍህ «መናገሩ ደግ ነው» ሲል ሆድህ ያንን ይዞ ነበር።

ጣሊያን ሳለሁ በየሳምንቱ እደውል ነበር። መጀመሪያ አንተው ታነሣ ነበር። ከዚያ ዳዊት ማንሣት ጀመረ፤ አባባ ተኝቷል፣ አባባ ጤና ጣቢያው፣ ኩፓት ኾሊም ሄዷል፣ አባባ ጸሎት ላይ ነው። ዳዊትን ታውቀዋለህ፣ እኔ በአማርኛ ስጠይቀው በዕብራይስጥ ነው የሚመልሰው፤ ከመጣን ጀምሮ እንዲያ ነው። በእነዚያ ሳምንታት ግን በአማርኛ ያናግረኝ ጀመር። «በልተሻል ወይ? ብርድ የለም ወይ?» ይለኛል፣ ቃሉን እየፈለገ፣ ቀስ እያለ። ልጁ አደገ፣ ልቡ ለሰለሰ ብዬ ደስ አለኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚሉት ለካ እውነት ነው።

በእኔ ሞዴል ውስጥ ከምናየው ዓለም ጎን አንድ ድብቅ ክፍል አብሮ ይወጣል። ብርሃኑ ወደ እኛ አይደርስም፣ ከእኛ ጋር የሚያገናኘው ስበት ብቻ ነው። እዚያ ያለውን ነገር አታየውም፣ ክብደቱ ግን ይስብሃል። የስልኩን እጀታ ስሰቅል ለምን ደረቴን እንደሚከብደኝ አላውቅም ነበር፤ ናፍቆት ነው እል ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ንግግሬን አደረግኩ። ሦስቱን ቤተሰቦች ሰሌዳው ላይ ስጽፍ አንተን አሰብኩህ፤ ሲያልቅ ፕሮቶኑ እንደሚፈርስ እንዳልኩህ ተናገርኩ። አንድ ሸበቶ ሰውዬ ተነሥቶ ስለ ሐቀኝነቴ አመሰገነኝ፣ ሰዉም አጨበጨበ። ከዚያ ሒሳቡን እንድቀጥል ለተጨማሪ ሳምንታት ቆዪ አሉኝ፤ ደውዬ ልቆይ ወይ ብል ዳዊት «ቆዪ፣ አባባም ቆዪ ብሏል» አለኝ። አባባ ከተቀበረ ያን ጊዜ ሁለት ሳምንት ሊሆነው ነበር። እኔ ደስ ብሎኝ አይስክሬም በላሁ።

ስመለስ አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ ዳዊትና እህትህ እትዬ ዘውዴ መጡ። እትዬ ዘውዴ ለሠርግ የምትለብሰውን ቀይ ቀሚስ ለብሳ፣ ሳቅ በሳቅ ሆና ነበር። የዳዊት አገጭ ምላጭ ቆርጦት ደም ቋጥሯል። አባቱ የሞተበት ልጅ ፂሙን እንደማይላጭ ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቃል፤ ከአንድም ሦስት ጊዜ ኦሪት የሚከፍተው እሱ ነው። እኔ እንዳልጠረጥር ብሎ በሐዘኑ ላይ ተላጨ። አባዬስ ስል ፓርኩ ተረኛ ነው፣ ጠዋት ይመጣል አሉኝ። ያመጣሁልህን የገለባ ባርኔጣ ወንበርህ ላይ አድርጌ ተኛሁ። ጠዋት በሩ ሲከፈት የመጡት ሽማግሌዎቹ ናቸው።

አባዬ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። እነሱ አልቅሰው ጨርሰው ነበር። እኔ ስጮህ እነሱ ያዙኝ፣ ደገፉኝ፣ ውሃ አመጡልኝ፤ ዓይናቸው ግን ደረቅ ነበር። እኔ ያንን ቀን ስጀምር፣ እነሱ ከእሱ ወጥተው ወደ ሥራቸው ተመልሰዋል። በዚያች ክፍል ውስጥ አንተ የሞትከው በእኔ ብቻ ነበር።

ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ የሃይማኖት መምህር፣ ራቭ የሚሉት፣ መጣ። ደግ ሰው ነው፣ በእሱ አልፈርድም። ሕጉን ገለጸልኝ፤ የሞት ወሬ ከሠላሳ ቀን በኋላ የሰማ ሰው ሰባቱን የለቅሶ ቀን አይቀመጥም። «ሽሙዓ ረኾቃ» ይሉታል፣ የራቀ ወሬ ማለት ነው። «ሻዓ አኻት» አለኝ፣ አንድ ሰዓት ብቻ። ሸሚዜን ቀደድኩ፣ መሬት ተቀመጥኩ። እትዬ ዘውዴ ከግድግዳው ሰዓት ሥር ቆማ ነበር። ሰዓቱ ሲሞላ ብድግ በይ ብለው እጄን ይዘው አነሡኝ፣ ምሳም ቀረበ። ጎንደር ብንሆን ወሬው በዓመቱም ቢመጣ ሰባቱን ቀን እንቀመጥ ነበር። መደበቁን ከጎንደር አመጡት፣ ሰዓቱን ከዚህ አገር ወሰዱት፤ በሁለቱ መሀል እኔ ለቅሶ አጥቼ ቀረሁ።

ሠላሳው ቀን ማለፉን ያሰበ ሰው አልነበረም፤ ያንንስ እንደ ስሕተት እቆጥርላቸዋለሁ። እትዬ ዘውዴ መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ሰው በሌለበት አገር ብቻዋን ስታለቅስ ማን ይይዛታል ብላ ነው። እሷን መጥላት አልቻልኩም። ዳዊትን ግን ወጥሬ ያዝኩት። ቃሉን ታውቅ አልነበረም ወይ አልኩት። ያን ጊዜ ወደ ዕብራይስጡ ተመለሰ፤ «አባ ቢኬሽ፣ የሺ። ማ ያኾልቲ ላአሶት?» አለኝ፣ እንባው እየወረደ። አባባ ለምኖኝ ነው፣ ምን ማድረግ እችል ነበር? ሆስፒታል ተኝተህ እጁን ይዘህ፣ «ንግግሯን ሳትጨርስ እንዳትነግሯት፤ ከሰማች ትመጣለች፣ ከመጣች አትመለስም» ብለኸዋል። ቃል ያፈረሰው እሱ አይደለም። አንተ ነህ። በእናቴ ስም ምለህ ያንን ቃል የሰጠኸኝ አንተ፣ የመጨረሻ ትንፋሽህን እኔን ለመዋሸት አዋልከው።

ደግሞስ አስበህ የወሰንከው ልክ ነው? አዎ፣ እመጣ ነበር። ንግግሩን ጥዬ፣ ሰሌዳውን ጥዬ፣ በመጀመሪያው አውሮፕላን እመጣ ነበር። ሦስቱ ቤተሰቦች የትም አይሄዱም፤ ዓለም ከተፈጠረች ጀምሮ ሦስት ናቸው። አንተ ግን ትሄድ ነበር። እጅህን መያዝ ይገባኝ ነበር፣ አባዬ። ከሞቱ አሟሟቱ ይላሉ፤ እኔን ያቃጠለኝ ከሞቱ አደባበቁ ነው።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ደብዳቤ አልጽፍልህም ነበር። አላለቀም። እናትህ እምዬ አልተነገራትም።

እምዬ የዛሬ ሁለት ዓመት ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ስትመጣ ያቀፍካት ጊዜ ትዝ ይለኛል፤ ሸበቶ ሆነህ እንደ ሕፃን እቅፏ ውስጥ ገባህ። አሁንም ከእትዬ ዘውዴ ጋር ካራቫን በሚሏቸው ተገጣጣሚ ቤቶች ሰፈር ውስጥ ነው የምትኖረው። ልቧ ደካማ ነው ተብሎ ዝም አሏት። ልጄ የት ሄደ ስትል ምን እንዳሏት ታውቃለህ? ከየሺ ጋር ጣሊያን ሄዷል፣ መጻሕፍቷን ሊሸከምላት። የእኔን ንግግር ለውሸት ማገር አደረጉት። በዓላቱ ሲያልፉ እትዬ ዘውዴ ቤት ድረስ መጥታ፣ እምዬን ስትጠይቂያት እሱ እዚያው ቀረ በያት፣ ሥራ አገኘ በያት፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ ታምንሻለች አለችኝ።

በማግሥቱ ማለዳ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። መርዶ በአንድ ሰው አይነገርም፣ በሴት ልጅማ ጭራሽ፤ ይህንን አውቃለሁ። መንገዱን ሁሉ ደግሞ ብገድላትስ እያልኩ ሄድኩ። እትዬ ዘውዴ ሥራ ሄዳለች፣ እምዬ ካራቫኑ ደጃፍ ሰሌን አንጥፋ ፀሐይ ትሞቃለች። ገና ሳታየኝ በእግሬ ኮቴ አወቀችኝ። ከአጠገቧ ተንበረከክሁና ልጅሽ አርፏል አልኳት። ሌላ ቃል ብፈልግ አጣሁ።

አልጮኸችም። ነጠላዋን ከራሷ ላይ አወረደችና ወገቧ ላይ አሠረችው። መቼ ነው አለችኝ፣ ነገርኳት። አንቺስ ቀብረሽዋል ወይ አለችኝ፣ አልቀበርኩትም፣ እኔንም ደብቀውኝ ነበር አልኳት። ከዚያ ሰሌኑ ላይ ፈቀቅ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝና፣ «እንግዲያው በሁለታችንም የሞተው ዛሬ ነው። ተቀመጪ» አለችኝ።

ተቀመጥኩ። ያን ጊዜ ነው እሷ የጮኸችው፣ እኔም አብሬያት። ከየካራቫኑ ሴቶቹ ሮጠው መጡ፣ እነሱም እንደ አዲስ አለቀሱልህ። አሮጌው ቄስ ከሰፈሩ ማዶ በምርኩዙ መጣና ጸለየ። እትዬ ዘውዴ ከሥራ ስትመለስ ከሩቅ አይታን «ገደልሻት!» እያለች እየሮጠች ደረሰች። እምዬ ቀና ብላ «እኔ የሞትኩት ሳትነግሪኝ ስትቀሪ ነው፤ አሁን ውሃ አምጪልኝ» አለቻት። ልቧ አልቆመም አባዬ። ከሁላችንም ልብ የእሷ ይበልጣል።

በሦስተኛው ቀን ዳዊት መጣ። በሩ ላይ ቆሞ «ኤን ሺቭዓ፣ ሳቭታ። ሻዓ አኻት» አላት። እምዬ ምን ይላል ብላ ወደ እኔ ዞረች። ሰባት ቀን የለም፣ አንድ ሰዓት ይበቃል ይላል አልኳት። «ዘጠኝ ወር ለተሸከምኩት አንድ ሰዓት?» አለችው፤ «አንድ ሰዓት እንኳን ለልጅ ለጠፋች ዶሮም አይበቃ። ግባና ቁጭ በል።» ዳዊት ሕጉን ያውቃል፣ ለመቀመጥ ቸገረው። ከዚያ ጫማውን አውልቆ መጥቶ ከእግሯ ሥር ቁጭ አለ፣ ራሱንም ጉልበቷ ላይ ጣለ። አገጩ ላይ የቆረጠው ቁስል ድኖ ፂሙ ገና እየወጣ ነበር። ከዚያ ወዲህ አልተላጨም።

ሰባቱንም ቀን ተቀመጥን። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እምዬ፣ ያ ሁሉ ሰው የልጄን ሞት የደበቀበት ንግግርሽ ምን ነበር አለችኝ። እንደምንም ነገርኳት፤ ሦስቱን ቤተሰቦች፣ የማይቆመውን ፕሮቶን። ታዲያ እንደማይቆም ነገርሻቸው ወይ አለች። አዎ ስላት «ለባዳ ነገርሽ፣ ለእኛ የሚነግረን ጠፋ» አለች።

አሁን ወደ ሥራዬ ተመልሻለሁ። ያንን እንቢ ያለኝን ቁጥር ዜሮ የሚያደርግ መንገድ ስፈልግ ከረምኩና አገኘሁ። ግን እሱን ባስገባሁ ቁጥር ፕሮቶኑ ይቆማል፣ ሦስተኛው ቤተሰብ ደግሞ አብሮ ይጠፋል። አንዱን ስይዝ ሌላው ያመልጠኛል። መምህሬ ሁለት ቤተሰብ ያለው ንጹሕ ሞዴል ይሻላል ባይ ነው። ቶሎ የሚሄዱትም ይቆጠራሉ ስላልከኝ እጄ እንቢ አለ። ለጊዜው ሦስቱንም ይዤ፣ ጉድለቱን ከእነ ስሙ ጽፌበት ሌላ አጠቃለል እየፈለግሁ ነው።

አንተንም የማስታውስህ እንዲሁ ነው። ቱቦውን የዘጋህበትን ዓርብ አስታውሳለሁ፣ ስልኩ ላይ እልል ያልከውን አስታውሳለሁ፣ ሻንጣዬን ሁለቴ ያሳረፍክበትንም መንገድ አስታውሳለሁ። የሆስፒታሉን ልመናህንም እዚያው አብሬ አኖረዋለሁ። እሱን አውጥቼ ብጥለው የሚተርፈኝ አባት አንተን አይመስልም። ይቅር ብዬሃለሁ ብዬ ደግሞ አልዋሽህም፤ ገና አላልኩህም። ልጅ ብወልድ ግን አያትህ ሩቅ አገር ሄዷል አልለውም። ሞቷል እለዋለሁ፣ የት እንደተኛህም አሳየዋለሁ።

እምዬ እያረጀች ነው፣ አባዬ። እሷ ያረፈች ዕለት የትም ብሆን፣ ምንም ንግግር ቢጠብቀኝ፣ በማግሥቱ ማለዳ መቃብርህ ላይ መጥቼ ከሰው ሁሉ በፊት እነግርሃለሁ። ሠላሳ ቀን አላስጠብቅህም። አልደብቅህም ብዬህ የለ?

ልጅህ የሺ